ቀኑ ያልደረሰ መረቅ

ፑንታልባ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1957

ለልጄ ለሩጄሮ፤

ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ የጀልባ ሞተር ታንኳኳለህ? ስለ ጤናዬ ደጋግመህ ስለጠየቅከኝ አንድ ጊዜ ልመልስና ይለይለት፤ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያቃስታል፤ እናትህ ኢንኮሮናታ ግን አታቃስትም። ድምፅህን አጥፍተህ በመክረምህ ተቆጥቼ ነበር። ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ሁለተኛ ግን ባዶ ይቅርታ አልቀበልም፤ ፎቶግራፍ ጨምርበት።

ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የጻፍካት ነገር ሆዴን አባባችው። «ጄኖቫ ውስጥ ሰው የሚራመደው አንድ ቦታ ለመድረስ ነው፤ እንደኛ ለመንሸራሸር ብሎ የሚወጣ የለም። እስቲ በደብዳቤም ቢሆን ይዘሽኝ ውጪ» ያልከው። ይሁን፤ ክንድህን ስጠኝ።

ከቤት ወጥተን አባትህ መረቡን ያሰጣበት የነበረውን ግንብ አለፍን። ፀሐይ ስላዘቀዘቀች ከተማው ሁሉ ታጥቦ፣ ተበጥሮ ወጥቷል። ከባሕር በር እስከ ካቴድራሉ፣ ከካቴድራሉ እስከ ባሕር በር፤ ሄዶ መመለስ፣ ተመልሶ መሄድ። የመንገዱ ድንጋይ ዛሬም ያንሸራትታል፤ የአያቶቻችን ጫማ አለስልሶት የለ! ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ የሴቶቹን ቀሚስ ሲገልብ ወንዶቹ ባሕሩን የሚያዩ ይመስላሉ። ፀጉር አስተካካዩ ቪቶ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ኢንኮሮናታ፣ የሩጄሮን ፀጉር ማን እየቆረጠው ነው? እዚያ ላይ እንደ በግ ነው አሉ የሚሸልቱት» አለኝ። «በግም ቢሆን ካንተ መቀስ ያመለጠ ዕድለኛ ነው» አልኩት።

የጠየቅከኝን ዘልዬው አይደለም። አዎ፣ ሰላም ይሉኛል። ሁሉም አይደሉም። ጓደኛህ ፔፒኖ በጀልባው ውስጥ እንደተኛ በእሳት ተቃጥሎ ከሞተ፣ አንተም ዶን ካሊስቶን ጎህ ሲቀድ ከጋዝ ቆርቆሮው ጋር በዓይኔ አየሁት ብለህ ለፖሊስ ቃልህን ከሰጠህ ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ቁልፉ የጠፋው ይመስል ኪሱን እየዳበሰ ያልፈኛል። አልፈርድባቸውም። የዓሣ ገበያውም የበረዶ ፋብሪካውም የእርሱ ነው፤ በዚህ ከተማ ከእርሱ እጅ የማይበላ ማን አለ? ፔፒኖና ባልንጀሮቹ ዓሣችንን ለእርሱ አንሸጥም ስላሉ የሆኑትን አይተዋል። ፍርድ ቤቱ አንተን የሚሰማው በፌብሩዋሪ ነው፤ እስከዚያ ችዬው እሄዳለሁ።

ዶን ካሊስቶ አሁንም ለሽርሽር ይወጣ እንደሆነ ጠይቀኸኛል። ይወጣል። የቀረውን አትጠይቀኝ።

እናትህ

ጄኖቫ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1957

እማዬ፤

ፎቶግራፉን አብሬ ልኬዋለሁ። ጎኔ ያለው ሰውዬ የመርከብ ማራገፊያው አለቃ ነው፤ ፊቱ እንዲህ የተኮሳተረው ተናዶ ሳይሆን ተፈጥሮው ነው። ሳሉ ለቆኛል። ክፍል ቀይሬያለሁ፤ የቀድሞው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሽርሽሩን በትራስ ሥር አስቀምጬው ነው የማድረው። ቪቶን ሰላም በይልኝ፤ ፀጉሬን የሚቆርጠው ቱኒዚያዊ ቢሆንም ከእርሱ ይሻላል በይው። ነገር ግን «ሁሉም አይደሉም» ብለሽ አለፍሽ። እነማን ናቸው? ስማቸውን ጻፊልኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ፊት እየገመትኩ ከማድር፣ እውነቱን ባውቀው ይሻለኛል።

አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ለማንም አትንገሪ። በዲሴምበር ለቅዱስ ኒኮላስ በዓል እመጣለሁ። የቅዱሱን ምስል ከካቴድራሉ ወደ ባሕር ስናወርድ በግራ በኩል የፊተኛው ትከሻ የፔፒኖ ነበር። ቦታው ባዶ እንዲሆን አልፈልግም፤ እኔ እገባበታለሁ። ከዚያ ቤት ቆይቼ በፌብሩዋሪ ቀጥታ ወደ ፎጂያ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እንዳትከለክዪኝ። ፈርቶ ጄኖቫ ተሸሸገ የሚለኝ አፍ አንድ እንኳ እንዲኖር አልፈልግም።

ልጅሽ ሩጄሮ

ፑንታልባ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1957

ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ደብዳቤ በፖስታ እንዳልመጣ አስተውል። የአውቶቡሱ ሾፌር ካታልዶ ፎጂያ ወስዶ ባቡር ላይ ለሚሠራ ወንድሙ ይሰጠዋል። አንተም ከእንግዲህ በእነርሱ በኩል ላክ። ምክንያቱን ስትጨርስ ታውቀዋለህ።

«እነማን ናቸው» ላልከኝ፦ ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፤ ሰልፉ እስኪያልቅ አታየኝም ነበር። ቪቶም ነበረ፤ ያንን ቀልድ ከቀለደ በኋላ ሲያየኝ ገብቶ መቀስ መሳል ጀመረ። ግን ያ አልፏል። አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ አሁን ሁሉም ሰላም ይለኛል።

ክንድህን ስጠኝና እንውጣ፤ አንተው ፍረድ። እሑድ አረንጓዴ ቀሚሴን ለብሼ ነበር። የባሕር በርን እንዳለፍኩ ከፊቴ ይመጡ የነበሩ ወንዶች ወደ ግድግዳው ተጠጉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጸጥ ብለው ቆሙ። ከኋላዬ ሬሳ የሚያልፍ መስሎኝ ዞር አልኩ። ማንም የለም። ጥቂት ሄድኩ፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በዚያ መንገድ እንዲህ የተቆመልኝ አባትህ የሞተ ሰሞን ብቻ ነው፤ ያኔ ጥቁር ለብሼ ነበር።

ቪቶን ያዝኩት። «አንተ፣ ምን ሆነህ ነው? ባርኔጣህ ቅማል ገባበት?»

«ኧረ እትዬ፤ ሙቀት ነው።»

«በኖቬምበር?»

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያ ቀልደኛ ሰው።

ካቴድራሉ ጋ ስደርስ ዶን ካሊስቶ ከፊቴ መጣ። ከሁሉ ዝቅ ብሎ እጅ የነሳኝ እርሱ ነው። «ዶና ኢንኮሮናታ፣ ልጅዎ ለበዓሉ ይመጣል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ከተማው ነዋ! ይምጣ ይምጣ። እኛም ናፍቆናል» አለና ፈገግ አለ።

ሩጄሮ፣ እኔ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። የጻፍከው ለእኔ ብቻ ነበር። ፖስታ ቤት ያለችው ኤልቪራ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ ማጣበቂያው እርጥብ ነበር፤ ዝናብ ነው ብዬ አለፍኩት። ዝናብ ግን አልነበረም።

እናትህ

ጄኖቫ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1957

እማዬ፤

ስለ ባርኔጣዎቹ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ምናልባት ስለ ፔፒኖ አፍረው ይሆናል። ሰው ሲያፍር አክብሮት ያበዛል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

በዓሉን አልተውም። ትኬት ቆርጫለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካታልዶ የሚሰጥሽ ጥቅል አለ፤ ቀይ የሱፍ ሻርፕ ነው። «በዚህ ዕድሜዬ ቀይ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ ቀይ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ከአረንጓዴው ቀሚስ በቀር ቀለም ያለው ነገር ለብሰሽ አላየሁሽም። በበዓሉ ቀን ይህን ደርበሽ፣ ክንዴን ይዘሽ፣ መንገዱን ዳር እስከ ዳር እንድትሄጂ እፈልጋለሁ። ያኔ ባርኔጣ የሚያወልቅ ካለ ለሻርፑ ያውልቅ።

ሩጄሮ

ፑንታልባ፣ ኖቬምበር 22 ቀን 1957

ልጄ፤ አትምጣ።

ቁጭ ብለህ አንብብ። ሻርፑ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሰርዲን እየጠበስኩ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ፊት ለፊታችን ያለችው እማማ ሚኬሊና ናት፤ ጥቁር በጥቁር ለብሳ፣ የተሸፈነ ድስት ታቅፋ። «ኢንኮሮናታ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ገባች። ምድጃውን ስታይ ደነገጠች። «እንዴ! እሳት አንድደሻል?»

«ታዲያ ሰርዲኑን ጥሬውን ልብላው?»

ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው፤ የዶሮ መረቅ ነው። ከጉያዋ ማንኪያ አውጥታ እጄ ላይ አደረገችና ከፊቴ ቆመች። «ቅመሺ እንጂ።»

አንተ ይህን ታውቀዋለህ። ሞት የገባበት ቤት እሳት አይነድም፤ ጎረቤት መረቅ ያመጣል፤ ያመጣችው ሴት ሐዘንተኛው የመጀመሪያዋን ማንኪያ እስኪቀምስ ከፊቱ አትሄድም፤ ምክንያቱም የቀመሰ ሰው ሞቱን ተቀበለ ማለት ነው። አባትህ የሞተ ጊዜ አንተ ትንሽ ልጅ ሆነህ፣ «አባዬ አልሞተም» ብለህ አፍህን ገጥመህ እምቢ አልክ። እየለመንኩህ፣ እያለቀስኩ ነው ያቀመስኩህ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እማማ?» አልኳት።

በሐዘን አየችኝ። «አልነገሩሽም? ሩጄሮ ነዋ። ዶናቶ ገበታ ላይ ለልጄ ሲነግራት ሰማሁት። ምስሉን ተሸክሞ ሲወርድ፣ ርችቱ ሲተኮስ፣ በርችቱ መሐል...» እዚህ ላይ ቆመች። ዓይኗ ምድጃው ላይ፣ ቀሚሴ ላይ ዞረ። «ቅዱስ ኒኮላስ አላለፈም እንዴ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

እንደምታውቀው አሁን አሁን ቀን ይምታታባታል፤ በጋውን ክረምት ትለዋለች። ድስቱን መልሳ ከደነችው። «እንግዲያው ተሳስቻለሁ። ተሳስቻለሁ በቃ። ኢንኮሮናታ፣ ለዶናቶ እንዳትነግሪው» ብላ እያለቀሰች ወጣች። የልጇ ባል ዶናቶ የዶን ካሊስቶ ቀኝ እጅ መሆኑን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም።

መረቁን አልቀመስኩትም፤ ባሕር ውስጥ ደፋሁት። ለፖሊስ እንዳልናገር፣ ምን እላለሁ? አሮጊት መረቅ አመጣችልኝ ልበል? ደግሞ እነቪቶ ባርኔጣቸውን ያወለቁት ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? ከተማው ያውቃል፣ ልጄ። አንተ ጄኖቫ ትኬት ስትቆርጥ ከተማው አንተን ቀብሮ ጨርሷል።

እንግዲህ ሞተህ ሊያዩህ ከፈለጉ እኔው ላሳያቸው። ወደብ ላይ ሰጥመሃል፤ ሬሳህም አልተገኘም። በካታልዶ አውቶቡስ እሄድና ለቅሶ ውዬ እንደመጣ ሰው ጥቁር ለብሼ እመለሳለሁ። ከሞተ ሰው ማንም ምስክርነት አይፈራም። አንተ የፌብሩዋሪዋን ቀን ጠብቅ። እሺ በለኝ።

እናትህ

ጄኖቫ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1957

እማዬ፤

ትኬቱን ቀድጄዋለሁ። ከመቅደዴ በፊት ግን ብዙ ሰደብኩሽ፤ ይቅር በይኝ። የምፈራው ሞትን አይደለም፤ ሞቼ እንኳ ከተማው «ጥሩ ልጅ ነበር፣ አፉን ቢይዝ ኖሮ» እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው ያንገበገበኝ።

እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ። የቀድሞው ክፍሌ አያፈስም ነበር። የእኛን ሀገር አነጋገር የሚናገር ሰው ወደቡ ላይ ስሜን እየጠራ ሲጠይቅ ሰንብቶ ነው የቀየርኩት። ስለዚህ ያልሽው ልክ ነው። ግደይኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ሰክሮ ሰጠመ እንዳትዪ። ተንሸራተተም እንዳትዪ፤ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ከመርከብ ላይ ተንሸራተተ ቢባል ቪቶ መቃብሬ ላይ ይስቃል። ገመድ ተበጥሶ መታው በይ። ለዐቃቤ ሕጉ ብቻ በሕይወት እንዳለሁ እጽፍለታለሁ።

ግን እማዬ፣ ከዚያስ? እኔ ፍርድ ቤት ስገባ አንቺ የት ትሆኛለሽ? ይህን አልጻፍሽልኝም።

ሩጄሮ

ፑንታልባ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1957

ለሟቹ ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ሐዘን ላይ ነኝ፤ ሰውነቴ ግን ጨምሯል፤ ጎረቤት ሁሉ ሲያበላኝ ሰነበተ።

ገመድ ተበጥሶ መታህ። እኔ ሬሳህን ላስፈልግ ሄድኩ በተባለበት ሰሞን ፎጂያ፣ የካታልዶ ሚስት እህት ቤት ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስልጥ ከረምኩ፤ ለእንባዬም ጥሩ ልምምድ ሆነኝ። ስመለስ የመስኮቱን መከለያ ዘጋሁ፤ በሩ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቀልኩ፤ ስምህ ያለበትን የሞት ማስታወቂያ አሳትሜ ከባሕር በር ጀምሮ በየግድግዳው አስለጠፍኩ። ለአባ ሊቦሪዮ፣ «ለቤቴ ሙታን ቅዳሴ ይቀደስልኝ» አልኳቸው። ስም አልጠራሁም። ቤቴ ሙታን አጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን አልዋሸሁትም፤ የዋሸሁት አባን ብቻ ነው።

አሁን አልቅስ አልቅስ ቢልህም እንዳታለቅስ፤ ግን ይህን መስማት አለብህ። ከቅዳሴው ስወጣ የሽርሽሩ ሰዓት ነበር። ሐዘንተኛ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቷ ስትመለስ በከተማው የተከበረው ሰው ክንዱን ይሰጣታል። ማን ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም ነበር። ደረጃው ሥር ዶን ካሊስቶ ቆሟል፤ ባርኔጣው በግራ እጁ፣ ቀኝ ክንዱ ተዘርግቶ።

ያዝኩት። ምን ላድርግ? መንገዱ ሙሉ ሰው ነው፤ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ያንተ ስም በተለጠፈበት ሁሉ አንገቱን እየደፋ አለፈ። የጫማችን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከተማውን ሁሉ አቋርጦ፣ ባዶ ራሱን፣ እኔን ደግፎ ቤቴ አደረሰኝ። በሩ ላይ፣ «ዶና ኢንኮሮናታ፣ በእኔና በቤትዎ መሐል የነበረው ነገር በዚህ አለቀ» አለኝ። ያን ጊዜ የእውነት አለቀስኩ። ክንዱ ሞቃት ነበር፣ ሩጄሮ። ያንተን ሞት የቆረጠ ክንድ እንደ ማንኛውም ሰው ክንድ ሙቀት አለው።

እማማ ሚኬሊና መረቅ ይዛ መጣች። እንደ ልማዱ ከፊቴ ቆመች። ማንኪያውን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ስትዞር መሐረቤ ላይ ደፋሁት። እውነቴን ነው፣ አልቀመስኩም።

ከዚያስ የት ትሆኛለሽ ብለሃል። መጀመሪያ የገና በዓል በሰላም እንዲያልፍ እንጸልይ።

እናትህ

ፎጂያ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1958

እማዬ፤

ዛሬ ተናገርኩ። ይህን ካታልዶ ራሱ እየጠበቀኝ በችኮላ ነው የምጽፈው።

ዐቃቤ ሕጉ ስሜን ከምስክሮች ዝርዝር አላወጣውም ነበር። የዶን ካሊስቶ ጠበቃ የሟች ስም በስህተት የቀረ መስሎት አልፎታል። ስጠራ እርሱ ከጠበቃው ጋር እየሳቀ ነበር። ገባሁ። የጎኑ በር ሲከፈት ቪቶን አየሁት፣ ዳቦ ጋጋሪዋን አየሁ፤ ግማሽ ፑንታልባ እዚያ ነበር። አንዲት ሴት ጮኸች። ዶን ካሊስቶ ግን አልጮኸም። ጭኑ ላይ የነበረውን ባርኔጣ አንስቶ፣ ቀስ ብሎ ራሱ ላይ ደፋው። ዳኛው «አውልቁ» ቢሉትም አላወለቀም። አንድ ጊዜ ላንቺ ያወለቀውን መልሶ ማድረጉ እንደሆነ የገባን እኔና የእኛ ከተማ ሰዎች ብቻ ነን።

ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ፍርዱ እስኪሰጥ እስር ቤት ወስደውታል። ዶናቶና ሌሎቹ ግን ውጭ ናቸው።

እማዬ፣ ጄኖቫ ክፍል ተከራይቼልሻለሁ፤ ጉልበትሽ እንዳይቸገር ምድር ቤት ነው። ዕቃ አትሰብስቢ፣ በር አትቆልፊ። ካታልዶ ነገ ሲነሳ ከፊት ወንበር ተቀመጪና ነይ። የተናገርኩት ነገር ዶን ካሊስቶን አያናድደውም፤ ለዚያ ጠበቃ አለው። ከተማው እያየ ባዶ ራሱን ማስኬድሽን ግን ይቅር አይልሽም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ሩጄሮ

ፑንታልባ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1958

ዓይኔ፣ ልጄ፣ ሩጄሮ፤

እንዲህ ያለ ወንድ እኔ ነኝ የወለድኩት? አባትህ ቢሰማ ከባሕር ይወጣ ነበር።

ነገ ነይ ላልከው፣ ሰኞ እመጣለሁ። አትቆጣ። ሰኞ፤ ማልሁልህ። ካታልዶ ከፊት ያለውን ወንበር ይይዝልኛል፤ ማክሰኞ ጣቢያው ላይ ጠብቀኝ።

እሑድን የፈለግኩበት ምክንያት አለኝ። ሞኝነት ትለው ይሆናል። እናቴ ትል የነበረውን ረሳኸው? በሕይወት ላለ ሰው መስኮት የዘጋ፣ በገዛ እጁ ከፍቶ፣ ቀለም ለብሶ በሽርሽር ሰዓት መንገዱን ዳር እስከ ዳር ካልሄደ፣ ያ ሞት ከቤቱ አይወጣም ትል ነበር። እኔ በገዛ አፌ ገድዬሃለሁ። ስምህን በየግድግዳው ለጥፌዋለሁ። ያንን እዚህ እንዳለ ትቼው፣ ተደብቄ በጨለማ ብወጣ፣ ጄኖቫ መጥቼ ባሳልክ ቁጥር የማስበው እርሱን ነው። አንተን በሞት ስም ትቼ የትም አልሄድም።

ዛሬ ጠዋት የሞት ማስታወቂያህን ከባሕር በር ጀምሬ መፋቅ ያዝኩ። አንድም ሰው አላገዘኝም፤ አንድም ሰው አልከለከለኝም። ቪቶ ብቻ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ለምን አትሄጂም? ስለ ክርስቶስ ብለሽ ሂጂ» አለኝ። «እሑድ የሚያምር ሻርፕ ታያለህ» አልኩት። በሩን ዘጋው።

እማማ ሚኬሊናን ደረጃ ላይ አገኘኋት። ዛሬ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዓርብ ነው አልኳት። ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ደጋግሜ መለስኩላት፤ በጣቶቿ እየቆጠረች ገባች።

አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ ፈርቻለሁ። ቀዩ ሻርፕ ግን ያምርብኛል። በመስታወት አይቼዋለሁ።

እናትህ

ጄኖቫ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1958

እማዬ፤

ማክሰኞ ጣቢያ መጥቼ ጠበቅኩሽ። ከደቡብ የገቡትን ባቡሮች ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰው አየሁ። ረቡዕም መጣሁ። ባቡር ይዘገያል፤ ካታልዶም አውቶቡሱ ተበላሽቶበት ይሆናል ብዬ ነው። አልጋሽን መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ።

ዛሬ የካታልዶ ወንድም ጥቅል አምጥቶ ሰጠኝ። ዓይኔን ሳያየኝ ነው የሄደው። ደብዳቤ የለውም፤ አንድ ቃል እንኳ አልተጻፈበትም። ምግብ ነው፤ ቁንዶ በርበሬ ያለበት ክብ ብስኩት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የበግ አይብ። መረቅ በባቡር አይላክም፤ ማንኪያዋን ግን አብራ ልካታለች። የተጠቀለለው በቀይ የሱፍ ሻርፕ ነው። ሻርፑ ታጥቧል፤ ገና እርጥበቱ አልለቀቀውም።

እማማ ሚኬሊና በዚህ ጊዜ ቀኑን አልሳተችም።

ክንድሽን ስጪኝ፣ እማዬ። ዛሬ እኔ ነኝ የማወጣሽ። ቀስ በይ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። የአባዬን ግንብ አለፍን፤ የባሕር በርን ገባን። ግድግዳው ንጹሕ ነው፤ የእኔ ስም የትም የለም፤ በጥፍርሽ ፍቀሽ ጨርሰሽዋል። የማንንም ስም ላነብ ስላልፈለግኩ ቀና ብዬ ነው የምሄደው። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ቪቶ ያለቅሳል። ዝም ብለሽ ነይ፤ ሰላም አንልም። ካቴድራሉ ጋ ደርሰን ተመለስን፤ ጉልበትሽ እንዳያምሽ ደረጃው ላይ ትንሽ አረፍን። ነፋሱ ሻርፑን ሲነካው ሰው ሁሉ ያየዋል። ልክ ነበርሽ፤ ያምርብሻል።

ቤት ደርሰናል። መስኮቱን እኔ አልዘጋውም።

ምግቡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማንኪያዋም አጠገቡ አለች። አልቀመስኩትም። ያኔ እንድቀምስ የለመንሽኝ አንቺ ነበርሽ።

ልጅሽ ሩጄሮ